ከ20 ዓመት በታች ሲያልቅባችሁ፦ ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ውጭ ሀገር ውድድር ማግኘት

ታኅሣሥ ሲገባ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። ከጫጫ፣ ከአንኮበር፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሰላ ድንጋይ ልጆች ይደውላሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «እትዬ፣ ከ20 በታች ዘንድሮ ያልቅብኛል። ክለብም አልያዘኝም። ውጭ ወጥቼ መሮጥ እችላለሁ?»

ትችላላችሁ። እኔ በክለብ ሮጫለሁ፤ አውሮፓ ውስጥም በጎዳናና በሀገር አቋራጭ ውድድሮች ለዓመታት ተሰልፌያለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን የስፖርት መምህር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጠባሴ አካባቢ ልጆች አሠለጥናለሁ። በስልክ ቆራርጬ የምናገረውን አንዴ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ውጭ የሚያስወጣችሁ በስማችሁ የተመዘገበ ሰዓትና እርስ በርሱ የማይጋጭ ወረቀት ነው። ቀሪው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። «ሰው አለኝ»፣ «እገሌ ቃል ገብቶልኛል» እያሉ ሁለት ሦስት ዓመት የቆሙ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ያሳዝኑኛል። ያን ጊዜ ቢሮጡበት ኖሮ ሰዓት ይኖራቸው ነበር።

ዕድሜያችሁ መቼ ነው የሚያልፈው?

ስፖርቱን በዓለም ደረጃ በሚመራው አካል፣ በዓለም አትሌቲክስ (World Athletics) ደንብ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት፣ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 20 ዓመት የማይሞላው ሯጭ ነው። የልደታችሁ ቀን ከውድድሩ በፊት ይሁን በኋላ ለውጥ የለውም። ዓመቱ ነው የሚታየው።

የእኛ ልጆች የሚቸገሩት ካላንደሩ ላይ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2000 ዓ.ም.፣ እስከ ታኅሣሥ 21) የተወለደ ሰው የፈረንጅ ዓመቱ ሰባት ተደምሮ ነው የሚገኘው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ደግሞ ስምንት ይደመርለታል። ለምሳሌ የ2026ቱን የዩጂን ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና እንውሰድ። እዚያ መሮጥ የሚችለው በፈረንጅ ከ2007 እስከ 2010 የተወለደ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ዲሴምበር 31 ቀን 2006 ስለሚሆንባት አልፏታል። በማግስቱ ታኅሣሥ 23 የተወለደች ጓደኛዋ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 ነች፤ ትሮጣለች። የአንድ ሌሊት ልዩነት አንድ ሙሉ ዓመት ይሰጣል ወይም ይወስዳል።

አሁን የልደት ሰርተፍኬታችሁን አውጡና እዩት። ጸሐፊው በጅምላ ስምንት ደምሮ ከሆነ ጥቅምት የተወለደው ልጅ ባልተወለደበት ዓመት ተመዝግቧል። ሰርተፍኬቱ፣ ፋይዳው፣ ፓስፖርቱ፣ የትምህርት ቤት ወረቀቱና የክልል ፌዴሬሽን መዝገቡ አንድ ቀን መናገር አለባቸው። የአባትና የአያት ስም የእንግሊዝኛ ፊደልም እንደዚያው። ፓስፖርት ላይ አንድ ፊደል፣ ውጤት ላይ ሌላ ፊደል ከሆነ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። ስህተት ካለ ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት አስተካክሉ።

ዕድሜ ቀንሶ በወጣቶች መቆየት የሚመክራችሁ ሰው ካለ ከእሱ ራቁ። ዛሬ የተቀነሰው ዓመት ነገ ኤምባሲ ፊት ይወጣል። በሌሎች ልጆች ቦታም መሮጥ ነው፤ እኔ ይህን በፍጹም አልደግፍም።

20 ዓመት ሞላ ማለት ደግሞ ረፈደ ማለት አይደለም። ጃቶ የተወለደው የእኛው አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36። ደራርቱ ቱሉ በ2009 ኒው ዮርክን ስትወስድ 37። ስለዚህ በ20 ዓመታችሁ ማራቶን አትጀምሩ። ውድድር የሚያገኝላችሁ ማናጀር ቢለምናችሁም። ቢያንስ ለሁለት ዓመት 10 ኪሎ ሜትር፣ 15 ኪሎ ሜትር፣ ግማሽ ማራቶንና ሀገር አቋራጭ ሩጡ። ሰውነታችሁ ገና እየጠነከረ ነው።

ሰዓት ከየት ይመጣል?

የልምምድ ሰዓት ለማንም አትላኩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ነው። እዚህ በአስፋልት 10 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ ያመጣችሁት ሰዓት ለእናንተና ለአሠልጣኛችሁ ይጠቅማል። ለውጭ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። የሚነግረው ይፋ ውድድር ላይ የተያዘና በዓለም አትሌቲክስ ድረ ገጽ ላይ በስማችሁ የገባ ውጤት ነው። ስማችሁን እዚያ ፈልጉ። ገጽ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ የዘንድሮው ሥራችሁ ያን ገጽ ማግኘት ነው።

ለዚህ የሚሆኑት የታወቁ ናቸው። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና፣ የጃን ሜዳው የሀገር አቋራጭ፣ የክለቦች ውድድር፣ ኅዳር ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ። ክለብ ከሌላችሁ በክልላችሁ በኩል ወይም በግል መሰለፍ ይቻል እንደሆነ የዞኑን ስፖርት ጽሕፈት ቤትና የክልሉን አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ቀድማችሁ ጠይቁ። ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት። ታላቁ ሩጫ ላይ ደግሞ ከፊት ከሚነሡት አትሌቶች ጋር ለመሰለፍ ሞክሩ። ከሕዝቡ መሀል ተነሥታችሁ ሰው እየገፋችሁ የምትሮጡት 10 ኪሎ ሜትር ለዚህ ጉዳይ አይረዳም።

አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዷም ዳገት ነው። ሰዓታችሁ አውሮፓ ከሚሮጠው ዝግ ማለቱ አያስደንግጣችሁ። ሥራውን የሚያውቅ ማናጀር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማንን አሸነፈች?» ብሎ ነው። ጃን ሜዳ ላይ 12ኛ ወጥታችሁ 13ኛዋ ባለፈው ዓመት ስፔን ሄዳ ሦስተኛ የወጣች ከሆነች፣ ይህ ከማንኛውም ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ የሙሉ ውጤቱን ዝርዝር አስቀምጡ። የራሳችሁን መስመር ብቻ ቆርጣችሁ አትያዙ።

ስለ ልምምድ ብዙ አልልም፤ አሠልጣኝ አላችሁ። ግን ስለ እኛ ብርድ አንድ ነገር ልናገር። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሣሩ ውርጭ ይዞ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። በዚያ ሰዓት ፈጣን ድግግሞሽ የሚሠሩ ልጆች አያለሁ። ባታቸው አልሞቀም፣ ሳንባቸው ይቃጠላል፣ ከዚያ ጥር ላይ «ጅማቴን አመመኝ» ይላሉ። ጠዋት ቀላሉን ሩጡ። ፈጣኑን ሥራ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ አድርጉት። ወጪው ከተቻለ ደግሞ በሳምንት አንዴ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድ ማለት ጥሩ ነው። ከጣርማ በር ማዶ ቆላው 1,300 ሜትር አይሞላም። እግር በፍጥነት መዞርን የሚለምደው እዚያ ነው። አውሮፓ ሄዳችሁ ትንፋሽ ተርፏችሁ እግራችሁ እምቢ እንዳይላችሁ።

ጾሙም አለ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው። ይህ የአውሮፓ ሀገር አቋራጭ የሚደምቅበት ወቅት ነው። ጣሊያን ውስጥ ካምፓቾ የሚባለው የታወቀ ውድድር በተለምዶ ጃንዋሪ 6 ይሮጣል፤ በእኛ የገና ዋዜማ ማለት ነው። ጹሙ ወይም አትጹሙ ብዬ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም። የንስሐ አባታችሁን ቀደም ብላችሁ አማክሩ። የምትጾሙ ከሆነ ግን በሽሮ ብቻ አትለፉት። ምስር፣ ሽምብራ፣ አጃ፣ በሶ፣ ተልባ፣ ለውዝ በቀን በቀኑ ይግባ። ሴቶች ደግሞ ደማችሁን ተመርመሩ፤ አይረን ሲያንስ ልምምዱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ማናጀር፦ እዚህ ላይ ረጋ በሉ

የውጭ ውድድር አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት ከማናጀር ጋር ነው። የዓለም አትሌቲክስ ለእነዚህ ሰዎች ፈቃድ ይሰጣል፤ ስማቸውንም በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ሰውየው «ማናጀር ነኝ» ካለ ስሙን እዚያ ፈልጉ። እሱ ከሌለ «የማን ተወካይ ነህ?» ብላችሁ የዋናውን ስም ጠይቁና ፈልጉ፤ ለዋናውም በቀጥታ ጽፋችሁ አረጋግጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙዎቹ ማናጀሮች የሚሠሩት በአሠልጣኝና በአገር ውስጥ ተወካይ በኩል ስለሆነ፣ የሚያናግራችሁ ሰው ስም ዝርዝሩ ላይ አለመኖሩ ብቻውን ሌብነት አይደለም። ዋናው ሰው ግን መኖር አለበት።

እውነተኛ ማናጀር ከእናንተ ቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ገቢው እናንተ ከምታገኙት ሽልማት የሚቆረጥ ነው፤ በተለምዶ 15 በመቶ። «ለቪዛ ማስጨረሻ ይህን ያህል ሺህ ብር አምጡ» የሚል ሰው ደላላ ነው። ከእኛ አካባቢ አንድ አባት በሬ ሸጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰጥተዋል። ልጁ የትም አልሄደም። እኚያን ሰው ገበያ ላይ ባየኋቸው ቁጥር ያመኛል። እባካችሁ፣ ቤተሰባችሁ የሚሸጥ ነገር ካለው ለጫማ፣ ለምግብና ለሕክምና ይሁን።

እንዴት ታገኟቸዋላችሁ? ሰዎቹ ያሉት ልምምድ ያለበት ነው። ሱሉልታ፣ እንጦጦ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ። ሰንዳፋ ለእኛ በመንገዳችን ላይ ነው። እዚያ ቡድን ውስጥ የሚሮጥ የአገራችሁ ልጅ ካለ አሠልጣኙን አስፈቅዶ አንድ ቀን አብራችሁ እንድትሮጡ ያድርግ። አሠልጣኝ በዓይኑ ያየውን ይወዳል። ከዚያ በተጨማሪ ጻፉ። ከዝርዝሩ ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሚሠሩትን መርጣችሁ አጭር ኢሜይል ላኩ። ስም እንደ ፓስፖርቱ፣ የተወለዳችሁበት ቀን በፈረንጅ፣ የምትሮጡት ርቀት፣ ጥሩ የምትሏቸው ሦስት ውጤቶች ከውድድሩ ስምና ቀን ጋር፣ የዓለም አትሌቲክስ ገጻችሁ ሊንክ፣ የአሠልጣኛችሁ ስልክ። ፓስፖርት እንዳላችሁና እስከ መቼ እንደሚያገለግል። በቃ። የሕይወት ታሪክ፣ ችግርና ልመና አትጨምሩበት። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ የትምህርት ቤት መምህራችሁን ጠይቁ፤ ደስ ብሎት ነው የሚረዳችሁ።

ውል ሲመጣ አንብቡት። የማታነቡት ቋንቋ ከሆነ ይተርጎምላችሁ፤ ሳይተረጎም አትፈርሙ። የምትፈልጉት እነዚህን ነው። ስንት ዓመት ያስራል? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ዓመት ይበቃል። መቶኛው ስንት ነው? ከምን ላይ ነው የሚቆረጠው? የአውሮፕላን ትኬቱ ከማን ይወጣል? ገንዘቡ የሚገባው በማን ሒሳብ ነው? በራሳችሁ ስም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ክፈቱና ቁጥሩን ውሉ ውስጥ አስገቡ። ኮፒው እናንተ ጋ ይቅር። ፓስፖርታችሁ ለቪዛ ሲያስፈልግ ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ እጃችሁ ይመለሳል።

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ብዙ ልጅ የሚጣላው በዚህ ነው። ስፔን ውስጥ ሮጣችሁ 2,000 ዩሮ አሸነፋችሁ እንበል። ከአውሮፓ ውጭ ለመጣ ሰው እዚያ 24 በመቶ ግብር ይቆረጣል፤ 480 ዩሮ። ማናጀሩ ከጠቅላላው 15 በመቶ ይወስዳል፤ 300 ዩሮ። ትኬቱን እሱ ገዝቶ ከነበረና 700 ዩሮ ከሆነ ይህም ይቀነሳል። እጃችሁ ላይ የሚገባው 520 ዩሮ ነው። ሌብነት የለበትም። ሳይነገራችሁ ሲሆን ግን ሌብነት ይመስላል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ አብራችሁ ሥሩ። ገንዘቡም በዚያው ሳምንት አይመጣም። አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የዶፒንግ ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ወራት ሊወስድ ይችላል። ተበድራችሁ አትሂዱ።

ለሴት ልጆች ለብቻ ልናገር። አሠልጣኝ ወይም ማናጀር በሆቴል ክፍል ውስጥ ውል ላስፈርምሽ አይልም። አዲስ አበባ ለልምምድ ስትገቡ ከሁለትና ከሦስት ሴት አትሌቶች ጋር ቤት ተከራዩ። የምታርፉበትን ቤት ለቤተሰብ ተናገሩ። አንድ ሰው «ውጭ እንድትሄጂ ከፈለግሽ» ብሎ ሌላ ነገር ከጠየቀ በዚያው ሰዓት ተለዩት፤ ለምታምኗት ሰውም ንገሩ። ሰዓት ካላችሁ ሌላ ማናጀር ይገኛል። በዚህ ጉዳይ እኔ ጋ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል።

ፈቃድና ቪዛ

ከአገር ውጭ የሚሮጥ አትሌት ከራሱ ፌዴሬሽን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ነው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የሚሰጠው ደብዳቤ ለኤምባሲውም ይጠቅማል። ክለብ ካላችሁ ደግሞ የክለቡ ደብዳቤ ይቀድማል።

ለአውሮፓ የሸንገን ቪዛ ነው የምትጠይቁት። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ አሠራሩን አጥብቋል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የግብዣ ደብዳቤው ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት እጃችሁ መግባት አለበት። ማመልከት የሚቻለው ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው። ሁለተኛ፣ አንዴ ከገባችሁ በዚያው ጉዞ ሁለት ሦስት ውድድር መሮጥ ይሻላል። ማናጀራችሁን ይህን ጠይቁት። ለምሳሌ በዲሴምበር መጨረሻ ፓሪስ አጠገብ ሁይ በምትባል ከተማ የጎዳና ሩጫ አለ። ዲሴምበር 31 ጣሊያን ቦልዛኖ አለ። ከዚያ ጃንዋሪ 6 ካምፓቾ። ሦስቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ናቸው። ሦስቱን በሙሉ ኃይል መሮጥ ባይቻልም ሁለቱን መምረጥ ይቻላል።

ወረቀቶቹ እነዚህ ናቸው። ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት፣ የአዘጋጁ ግብዣ ማን ምን እንደሚከፍል የሚገልጽ፣ የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ የሆቴልና የደርሶ መልስ ትኬት ማስያዣ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ወደ አገራችሁ እንደምትመለሱ የሚያሳይ ነገር። ይህ የመጨረሻው ለ20 ዓመት ልጅ ይከብዳል። የክለብ ደመወዝ፣ የትምህርት ምዝገባ፣ የቀደመ ጉዞ ካለ ያግዛል። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ግን መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ለአሻራ ቀጠሮ በዕለቱ ለመድረስ አትነሡ። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ሄዳችሁ መቅረትን የምታስቡ ካላችሁ፣ በግልጽ ልናገር። አንድ ልጅ ሲቀር አዘጋጁ በሚቀጥለው ዓመት ከኢትዮጵያ ልጅ ለመጋበዝ ያመነታል፤ ኤምባሲውም ከእናንተ በኋላ የምትመጣውን ልጅ ይጠረጥራታል።

የት ልጀምር?

ከትልቁ አትጀምሩ። ቫሌንሲያ ላይ ዮሚፍ ቀጀልቻ በኦክቶበር 2024 ግማሽ ማራቶንን በ57:30 ሮጧል። እንደዚያ ዓይነት ውድድር ላይ 25ኛ ወጥቶ መመለስ ገንዘብም ስምም አይሰጥም። መካከለኛ ውድድር ፈልጉ። ዘዴው ቀላል ነው። የዓለም አትሌቲክስ የውድድር መርሐ ግብር ላይ የጎዳና ውድድሮች በደረጃ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ከላይ ፕላቲነም፣ ከዚያ ጎልድ፣ ከዚያ ኢሊት፣ ከዚያ ሌብል። ከታችኞቹ አንዱን ክፈቱና ያለፉትን ሁለት ዓመታት ውጤት እዩ። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ የወጡትን ሰዓት ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ። መሀላቸው ከገባችሁ የእናንተ ውድድር ነው። ያን ዝርዝር ይዛችሁ ማናጀሩን አናግሩት። «የትም ውሰደኝ» ከሚል ልጅ ይልቅ «እነዚህን ሦስቱን አይቻለሁ» የሚል ልጅ ይከበራል።

ለሀገር አቋራጭ ስፔን ትመቻለች። አታፑዌርካ፣ ኢታሊካ፣ ኤልጎይባር የሚባሉት የታወቁ ናቸው፤ ጭቃና ዳገት ለለመደ ልጅ ጥሩ ነው። ኔዘርላንድስ ኒሜገን ውስጥ ኖቬምበር ላይ የሰባት ኮረብታ የሚሉት የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ለተሰንበት ግደይ በ2019 በ44:20 የሮጠችበት ነው። ከእስያ ሕንድ አለች፤ ጃንዋሪ ላይ የሚሮጠውን የሙምባይ ማራቶን ኃይሌ ለሚ በ2023 እና በ2024 አሸንፎታል። ማራቶን ስትደርሱ አስቡበት።

ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ በር ልጠቁም። የተራራ ሩጫ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲየር ዚናል የሚባል 31 ኪሎ ሜትር የሆነና 2,200 ሜትር ገደማ የሚያስወጣ ውድድር አለ፤ ከ1974 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ኦገስት ላይ ነው። የመንዝና የአንኮበር ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ገደል ወጥቶ ገደል ወርዶ ነው። መም ላይ የመጨረሻዋ 400 ሜትር ፍጥነት የሌላችሁ፣ ግን ዳገት ላይ ማንም የማይደርስባችሁ ልጆች አላችሁ። እናንተ ይህን መሞከር አለባችሁ። ቁልቁለቱን ግን ተለማመዱ፤ የሚያሸንፈውም የሚሰብረውም እሱ ነው።

አሯሯጭ ሆኖ መሄድም የተከበረ ሥራ ነው። 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ድረስ በታዘዛችሁት ፍጥነት ትመራላችሁ፤ ይከፈላችኋል። ፍጥነት ሳያዛንፍ የሚሮጥ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ይጠራል። ውላችሁ ላይ ግን መጨረስ ትችሉ እንደሆነ ይጻፍ።

ሌላውን ባጭሩ። አሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ መማርና መሮጥ ለጎበዝ ተማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው እላለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤትና የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቃል። የሽልማት ገንዘብ መቀበል ዕድሉን ሊያበላሽ ስለሚችል መጀመሪያ ይህን ወስኑ። ጃፓን በኩባንያ ቡድን የሚሮጡ የውጭ ልጆች አሉ፤ ቦታው ጠባብ ነው። ለሌላ አገር ዜግነት መሮጥን የሚያማልል ሰው ከመጣ ደግሞ ደንቡን እወቁ። 20 ዓመት ሳይሞላችሁ አይፈቀድም፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ያስጠብቃል፣ የሚቻለውም አንዴ ብቻ ነው።

መድኃኒትና ጫማ

ኢትዮጵያ በአትሌቲክስ ንጽሕና ክትትል ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚደረግባቸው አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ስለዚህ ከየትኛውም ፋርማሲ ዝም ብላችሁ ክኒን አትዋጡ፣ መርፌ አትወጉ። ለጉንፋን የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ፕሱዶኤፌድሪን አለባቸው። እሱም፣ ለጉልበት ሕመም የሚሰጠው ፕሪድኒሶሎንም፣ ከ2024 ጀምሮ ትራማዶልም ውድድር ላይ የተከለከሉ ናቸው። የመድኃኒቱን የውስጥ ስም ከካርቶኑ ላይ ፎቶ አንሡ፤ ሐኪሙን «አትሌት ነኝ» በሉት፤ የኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ጓደኛችሁ «ቫይታሚን ነው» ብሎ የሰጣችሁንም ጭምር። ሰውነታችሁ ውስጥ ከተገኘ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ጫማ፦ ለጎዳና የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር፣ ለመም ከ20 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የገበያ አስመስሎ የተሠራ ጫማ ይዛችሁ ሄዳችሁ መነሻው ላይ እንዳትታገዱ ሞዴሉን ቀድማችሁ ለማናጀሩ ላኩ።

ሮጣችሁ ስትጨርሱ ደግሞ የመጨረሻ ሥራ አለ። የሙሉ ውጤቱን ሊንክ በዚያው ቀን ያዙ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ በዓለም አትሌቲክስ ገጻችሁ ላይ መግባቱን እዩ። ስም ወይም የልደት ዓመት ከተዛነፈ ወዲያውኑ ለማናጀሩ ጻፉ፤ መልስ ከሌለ ለፌዴሬሽኑ። የሚቀጥለው አዘጋጅ የሚያየው ያንን ገጽ ነው።